የክረምት መንገደኛ ምግብ በምዕራብ ጎጃም፦ አመዳደቡና ጠባዩ

የክረምት መንገደኛ የሚባለው የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ ወይም ከእነሱ ወዲያ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ፣ ካልሲው የረጠበ፣ የአውቶቡሱን መስኮት በእጅጌው እየወለወለ «የት ደረስን?» የሚል ሰው ሲሆን፣ ክረምት የሚባለውም በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ወቅት ነው። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሣ ዣንጥላ ባይዝም አንድ ቁርጥ ሐሳብ ይዟል፤ ይኸውም ጎጃም የእህል አገር ስለሆነ በደረሰበት ከተማ ሁሉ የዚያን ከተማ ምግብ እየመረጠ ሊቀምስ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዘመን ብዙ ሰው ይህንኑ አስቦ ተነሥቷል፤ መርጦ የበላ ግን አልተገኘም። ምርጫው መንገደኛው ቲኬት ሳይቆርጥ በሦስት ባለሥልጣናት ተጠናቋል፤ እነሱም ባሕረ ሐሳብ፣ ዝናብና ሹፌር ናቸው።

ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የዘመን ስሌት ነው። ከክረምቱ 95 ቀናት (ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 96) እስከ ሐምሌ 4 የሚዘልቀው የሰኔ ጾም 9 ቀን፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው ፍልሰታ 15 ቀን ይወስዳሉ፤ በቀሩት ሳምንታት ያሉት ረቡዕና ዓርብ ሲታከሉበት የጾሙ ቀን ከ40 በላይ ይሆናል። ስለዚህ ቀን ሳይቆጥር የተነሣ መንገደኛ ሥጋ የማግኘቱ ነገር እንደ ዕጣ ያለ ነው፤ ዓርብ የተነሣ ደግሞ ዕጣውም ወጥቶበታል። መንገደኛው የማይጾም ሰው ቢሆንና ጥብስ የሚሠራ ቤት ቢያገኝ እንኳ፣ ሽሮ በከበበ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ መካከል ጥብስ ሲንጫጫ ማስመጣት ሆድ ሳይሆን ወኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ዝናብ በበኩሉ የሚወስነው ምን እንደሚበላ ሳይሆን ከመኪና መውረድና አለመውረድን ነው፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ሹፌር ግን በስፍራው ይብራራል።

የዚህ የመንገደኛ ምግብ ጥናት ቀዳሚ ሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከዚሁ መንገድ ብዙም በማይርቀው በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ምንጭ ዳር ደርሶ፣ በኮኮናት ቅርፊት ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ጽዋ አንሥቷል። እዚያው አገር ቤት ለቤት የሚጠመቅ ጠላ እያለ በባዶ ውኃ ጽዋ ማንሣቱ ከሙያው አንጻር ያስተቸዋል። ወደ አገሩ ተመልሶ ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውንም የለንደን ሰዎች አላመኑትም፤ ነገሩን ለማጣራት የፈለገ ሰው ዛሬ ጾም ባልሆነ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ቁርጥ ቤት ገብቶ ወረፋ ቢይዝ ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ያልቅለታል።

በዚህ መንገድ የሚበላ ነገር ሁሉ በአራት መደብ ይከፈላል፤ የወንበር ምግብ፣ የመስኮት ምግብ፣ የስንቅ ምግብና የዘመድ ምግብ ይባላሉ። የወንበር ምግብ መንገደኛው ወርዶ፣ ወንበር ስቦ፣ እጁን ታጥቦ የሚበላው ነው። የሚበላበትን ቤት የሚመርጠው ሹፌሩ ሲሆን፣ ምርጫውም በራሱ ሚዛን እንከን የለበትም፤ እሱና ረዳቱ በጓዳው በር አጠገብ እንደተቀመጡ ያላዘዙት ትሪ ከች ይልላቸዋልና። ሹፌሩ ሞተር ከማጥፋቱ በፊት «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ያውጃል። ሃያ ደቂቃ በዚህ መንገድ በሰዓት የሚለካ ነገር ሳይሆን፣ ሹፌሩ በልቶ፣ ታጥቦ፣ ቡናውን ደግሞ፣ ጥርሱን በስንጥር ጎርጉሮ እስኪነሣ ያለው ዕድሜ ነው። በሰዓት ይለካ ከተባለም አንዳንዴ አርባ፣ አንዳንዴ ዐሥራ አምስት ይሆናል፤ አርባ የሚሆነው መንገደኛው ቶሎ በልቶ ጨርሶ ዝናብ ላይ የቆመ እንደሆነ፣ ዐሥራ አምስት የሚሆነው ደግሞ ሽሮው ገና እየተንተከተከ የመጣለት እንደሆነ ነው።

ምግቡ የሚታዘዘው ከቃል ዝርዝር ነው። የቃል ዝርዝር አስተናጋጇ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ ዓይኗን ቀጥሎ በሚገባው እንግዳ ላይ አድርጋ በአንድ ትንፋሽ የምታወርደው የምግብ ስም ነው፦ «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በያይነት፣ ፓስታ፣ እንቁላል።» መንገደኛው አራተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበትና እንድትደግምለት ይለምናል፤ ሲደገም ግን ቅደም ተከተሉ ተለውጧል፣ ከስሞቹም አንዱ ጎድሏል፤ በመካከሉ አልቋል ማለት ነው። በዝርዝሩ ያሉት ስሞች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ያለው ሲሆን እሱም ሽሮ ነው። ሁለተኛው ያለቀው ነው፤ ይኸውም መንገደኛው የጠራው ነው። ሦስተኛውና እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው «ይሠራል» የሚባለው ሲሆን፣ ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም፣ የሚልጠውም ሰው ለጊዜው በአካባቢው የለም ማለት ነው፤ ይህን ያዘዘ መንገደኛ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ምግቡን ሳያይ፣ በጡሩምባ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ተጋቢኖ፣ ማለትም በሸክላ ድስት ከነእሳቱ የሚቀርበው ወፍራም ሽሮ፣ በአንድ ጊዜ የሦስቱም አባል ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ጥናት ያሻዋል።

የአገሩን ምግብ ሊቀምስ የመጣው መንገደኛ ዝርዝሩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ይህማ አራት ኪሎም አለ ብሎ ያዝናል፤ ከዚያም በትሕትና «እኅቴ፣ የዚህ አገር የራሱ ምግብ ምን አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አስተናጋጇ ጥያቄውን አቅልላ አታየውም። ጥቂት ታስባለች፤ ጓዳ ገብታ ታማክራለች፤ ተመልሳም «ፓስታ አለ» ትላለች።

መልሱ ምክንያት አለው። እዚያ ቤት ጓዳ ውስጥ ያሉት ሴቶች ጠዋት የበሉት የዳጉሳ እንጀራ በጎመን ወይም ቅቅል ድንች ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን 400 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ አቆራርጦ ለመጣ የከተማ ሰው ድንች ቀቅሎ ማቅረብ እንግዳን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ለክብሩ ከሩቅ የመጣ ምግብ ሊቀርብለት ይገባል፤ ፓስታ ደግሞ ከሩቅ ነው የመጣው። በዚህ ረገድ የአስተናጋጇ አስተሳሰብ ከመንገደኛው ይልቅ ለታሪክ የቀረበ ነው፤ መንገደኛው «የአገሩ» ብሎ የሚያስባቸው ሦስቱ የምዕራብ ጎጃም ኩራቶች፣ በቆሎ፣ በርበሬና ድንች፣ አንዳቸውም የአገሩ አይደሉምና። ሦስቱም ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ በቆሎ የባሕር ማሽላ የሚል ስም ያተረፈው በዚሁ ነው፤ ድንችን ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ጤፉ፣ ዳጉሳውና ኑጉ እውነተኞቹ ነባሮች ሲሆኑ፣ ከእነሱም ኑግ ዛሬ ስሙን ለዘይት ሰጥቶ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ቡሬ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ የኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ሁለቱንም በ2013 ዓ.ም. አስመርቃለች፤ የከተማዋ ሽሮ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ግን ከዚያ በፊትም አያንስም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ግኝት አጭር ነው። የአገሩ ምግብ ሆቴል ውስጥ የለም፤ ያለው ከሆቴሉ በር ውጪ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ መንገደኛውን እየጠበቀ ነው። በዚህም ወደ ሁለተኛው መደብ ይደረሳል።

የመስኮት ምግብ መኪና ሲቆም፣ ሊቆም ሲያስብ ወይም ለጉድጓድ ፍጥነቱን ሲቀንስ በመስኮት የሚገባ ምግብ ነው። እንደ ክረምቱ ዕድሜ ይለዋወጣል። በሐምሌ፣ ጎተራው በሚጎድልበትና እሸቱ ገና ባልደረሰበት ወር፣ መስኮቱን የሚገዛው ድንች ነው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ በሳፋ ሆኖ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በላስቲክና በጨርቅ ተሸፍኖ ይመጣል። ከሱ ጋር በወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ በርበሬ ይሰጣል። ወረቀቱ ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ሲሆን፣ ክረምቱ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ስለሆነ አቅርቦቱ የተትረፈረፈ ነው፤ መንገደኛው በርበሬውን እየነካ ድንቹን ሲገምጥ የአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የክፍልፋይ ስሌት በቀይ እስክሪብቶ «ኤክስ» ተደርጎበት ያያል፤ ልጁ የት ላይ እንደተሳሳተ ሲያስላም ከጂጋ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ቅመም የበዛበት ወረቀት ላይ የመጨረሻው መስመር ስለማይነበብ ብዙ ስሌት ሳይፈታ ቀርቷል።

ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሥልጣኑ ወደ በቆሎ እሸት ይዛወራል፤ ስለ በቆሎም ዝም ብሎ ማለፍ ይህን መንገድ አለማወቅ ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን በኩል፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሰው የሚውጥ በቆሎ ይቆማል፤ ከግንዱ ከተቆረጠበት ተነሥቶ እሳት ላይ እስኪወጣ ያለው ርቀት አንዳንዴ አንድ አጥር ብቻ ነው። በቆሎው በዕድሜው ለጋ፣ እሸትና ጠና ያለ ተብሎ ይከፈላል። ለጋው ጥፍር ሲነካው ወተት የሚረጭ ሲሆን ጣፋጭ ነው፤ አያጠግብም። ጠና ያለው ያጠግባል፤ ጥርስ ግን ይፈልጋል። መካከለኛው እሸት የሚባለው ሲሆን፣ ሻጭ ሁሉ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ «እማማ፣ ጠና አላለም?» ተብለው ሲጠየቁ «ኧረ እሸት ነው ልጄ፣ አሁን ነው የተቆረጠ!» ያላሉ ሻጭ እስካሁን አልተመዘገቡም።

የሚጠበሰው በከሰል ነው፤ ማንደጃው ብዙ ጊዜ የተቀደደ ሳፋ ወይም ከቆርቆሮ የተበጀ ነገር ሲሆን፣ ማራገቢያው የካርቶን ክዳን ነው። በዝናብ ቀን ሻጯ በአንድ እጇ ዣንጥላውን ከራሷ ላይ አንሥታ ከእሳቱ ላይ ትይዛለች፤ እሷ ትረጥባለች፣ በቆሎው አይረጥብም። ጥበቧ በማገላበጡ ላይ ነው፤ ገና ለብለብ ሲል ካነሣችው ጥሬ ይባላል፣ ትንሽ ካቆየችው ያራል፣ ስለዚህ በአራቱም ጎኑ እያዞረች አንዱን ጎን ጥቁር፣ አንዱን ወርቃማ፣ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ደግሞ አመድ የነካው አድርጋ ታወጣዋለች፤ ገዢው ከአራቱ አንዱን መውደዱ አይቀርም።

ግብይቱ ሦስት ሰዎች ይፈልጋል፤ እነሱም ሻጭ፣ ገዢና የመስኮት ባለሥልጣን ናቸው። የመስኮት ባለሥልጣን በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው፣ በቆሎ ያልፈለገው፣ ምናልባትም የተኛው ሰው ነው። ሹመቱን ሳይጠይቅ ያገኘው ሲሆን መልቀቂያ ማስገባትም አይችልም። ከመተላለፊያው ወዲያ ያሉት ሁለትና ሦስት ረድፍ ሰዎች «ወንድምዓለም፣ እባክህ ሁለት ተቀበልልኝ» እያሉ ብሩን ያስተላልፉበታል፤ እሱም መስኮቱን እየታገለ ይከፍታል (እኩሌታዎቹ መስኮቶች በደረቅ ወራት ብቻ እንዲከፈቱ ሆነው የተሠሩ ይመስላል)፣ አንገቱን ለዝናብ ይሰጣል፣ «ይቺን ሳይሆን ያቺን፣ ያቺን ወፍራሟን» የሚለውን ትእዛዝ ከኋላው ይሰማል፣ የጋለ በቆሎ በቅጠሉ ጠቅልሎ ይቀበላል፣ ጣቱ ይቃጠላል። በመጨረሻም የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል፤ የማን ወፍራም፣ የማን ቀጭን እንደሆነ መለየት አይቻልምና። ጠበብት የሚመክሩት የመስኮት ባለሥልጣን ለራሱም አንድ እንዲገዛ ነው፤ ያልገዛ እንደሆነ ከእያንዳንዱ ገዢ አንዳንድ ጉማጅ ተገምሶ «እንካ እንጂ!» እየተባለ ይሰጠውና በድምሩ ከሁሉም አብልጦ ይበላል።

ከባዱ ጉዳይ መልስ ነው። ገዢው ድፍን ብር ሰጥቷል፤ ሻጯ መልሱን ከጉያዋ እየፈታች ነው፤ ሹፌሩ በዚህች ቅጽበት ማርሽ ያስገባል። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በአንድ በኩል ሻጯ ወይም ልጇ በጭቃው ላይ ይሮጣሉ፣ በሌላ በኩል የአውቶቡሱ ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ሹፌር፣ ቁም! መልስ አለ!» ይላል። ልጁ መልሱን ይዞ ደርሶ በመስኮት ሲወረውር የሚታየው ትዕይንት፣ ስለዚህ አካባቢ ሰው ታማኝነት ከተጻፉ ብዙ መወድሶች ይልቅ አስረጂ ነው፤ ሳይደርስ ሲቀርም ገዢው «ይሁን፣ ልጅ ነው» ይላል፤ እስከ ማንኩሳ ድረስም ስለዚያው መልስ ሲያወራ ይሄዳል። በተቃራኒው፣ በቆሎውን ተቀብሎ ሳይከፍል የተነሣበት መንገደኛ ብሩን ጠቅልሎ ወደ ኋላ የወረወረበት ጊዜም አለ፤ ነፋሱ ግን ለሌላ ሻጭ ይሰጠዋል።

በላዩን በተመለከተ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ፈልፋዮችና ጋጮች። ፈልፋይ በአውራ ጣቱ አንዱን ረድፍ አፍርሶ ከዚያ በኋላ ፍሬውን እየገፋ እፍኙን የሚሞላ፣ ከሞላም በኋላ ለጎረቤቱ የሚያዘግን ሰው ነው። ጋጭ በቆሎውን በሁለት እጁ አግድም ይዞ በጥርሱ የሚሄድበት ሲሆን፣ ፍጥነቱ የሚያስደንቅ፣ ማካፈሉ ግን የማይታሰብ ነው። የጋጮች መከራከሪያ በቆሎው ሳይበርድ መበላት አለበት የሚል ነው። የፈልፋዮች መከራከሪያ ጥርስ ውስጥ አይገባም የሚል ነው፤ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጠብ የሚበርደው ሁለቱም ከአንድ ረዳት ጋር በቆረቆንዳው ምክንያት ሲጣሉ ነው። ቆረቆንዳ ፍሬው የተበላበት የበቆሎ አጥንት ሲሆን፣ ረዳቱ መኪና ውስጥ እንዳይጣል ይከለክላል፣ በመስኮት መጣልም ነውር ነው፤ ስለሆነም ሁሉም በጨዋ ሰው ደንብ ከፊቱ ካለው ወንበር ሥር ያስቀምጠዋል፤ አውቶቡሱ ዳገት ሲወጣ ይንከባለልና ባሕር ዳር ሲደረስ የሁሉም ቆረቆንዳ ከኋላ ወንበር ሥር ተሰብስቦ ይገኛል፤ የኋላ ወንበር ሰዎችም ይወቀሳሉ።

የስንቅ ምግብ፣ ማለትም በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ፣ ከቤት ተይዞ የሚወጣ ሲሆን፣ ይህን የያዘ ሰው ሹፌር ስለማያዝበት ጥናቱ አይመለከተውም።

የዘመድ ምግብ የሚገኘው ከአስፋልቱ ወርዶ፣ በባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄዶ፣ ከዚያ በኋላ ጫማን በእጅ ይዞ ነው። በዚህ መደብ ውስጥ ፈላጊው የተመኘው ሁሉ አለ፤ የዳጉሳ እንጀራ፣ ገና የተነጠረ ቅቤ የፈሰሰበት ጎመን፣ አይብ፣ አሬራ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ቆጭቆጫ፣ ከጌሾው መራራነት ጋር የቀረበ ጠላ። ዋጋም የለውም፤ ለመግቢያ የሚያስፈልገው አንድ ዘመድ ብቻ ሲሆን፣ ዘመድነቱ በአያት እኅት በኩል ቢሆንም ይበቃል። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። «በልቻለሁ» የሚለው ቃል በዚህ ቤት እንደ መግለጫ ስለማይቆጠር «ምን በላህና! በሞቴ!» ይባላል፤ በሞት ከተማለ ደግሞ አንድ እንጀራ ይጨመራል፤ ያን የጨረሰ «ወደደው» ተብሎ ሌላ ይጨመርለታል፤ ያልጨረሰ «ናቀን» ተብሎ ይታዘኑበታል፤ ስለዚህ መፍትሔው ሳይጨርሱ ሳያቆሙም ቀስ ብሎ መብላት ሲሆን፣ ይህን የተካነ ሰው በከተማ አይገኝም። በሐምሌ ወር የዚያ ቤት ጎተራ ምን ያህል እንደቀረው እንግዳው አያውቅም፤ አስተናጋጆቹ ያውቃሉ፤ ስለዚያ የሚናገር ግን የለም፤ ጎመኑ ላይ ቅቤው ይጨመራል እንጂ።

እንግዳው ሲሸኝ ደግሞ ግማሽ ኩንታል ድንች፣ በማዳበሪያ የታጨቀ እሸት፣ አንድ ጀሪካን አሬራና ከበርበሬው ጥቂት ተሸክሞ ነው። እዚህ ላይ አመዳደቡ ይናጋል፤ ድንቹ የዘመድ ምግብ ነው፣ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ስንቅ ነው፣ በቆሎው ከመስኮቱ ውጪ እንደሚሸጠው ነው፣ አሬራው የየትኛው እንደሆነ ለመወሰን ክዳኑ አጥብቆ መዘጋቱን ማየት ያስፈልጋል። ቡሬ መናኸሪያ ላይ የሚያገኘው ረዳት ግን ሁሉንም አንድ መደብ አድርጎ «ጭነት ነው፣ ይከፈልበታል» ይላል። እንግዳው ምግብ ነው ይላል፤ ረዳቱ ማዳበሪያውን ከፍ አድርጎ ክብደቱን በክንዱ ይመዝናል፤ ክርክሩ ሦስት ራስ በቆሎ ለረዳቱ፣ አንድ ለሹፌሩ ተሰጥቶ ያበቃና ጭነቱ ሰቀላ ላይ ይወጣል።